ሴፍትሪያክሶን በደም ሥር ሲሰጥ፦ ሕመምተኛውና አስታማሚው ማወቅ ያለባቸው

ባጭሩ

• ሴፍትሪያክሶን በባክቴሪያ ለሚመጡ ከባድ ሕመሞች የሚሰጥ የመርፌ አንቲባዮቲክ ነው። በትክክል ሲሰጥ ሕይወት ያድናል።
• በደም ሥር የገባ መድኃኒት ተመልሶ አይወጣም። ስለዚህ እያንዳንዱ መርፌ፣ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም፣ ድንገተኛ አለርጂ ቢነሳ ማከም በሚቻልበት ጤና ተቋም ውስጥ መሰጠት አለበት።
• በቤት፣ በመድኃኒት ቤት ጓሮ ወይም በጎረቤት እጅ አይወጋም።
• ትኩሳቱ ስለጠፋ ብቻ በራስዎ አያቁሙ። መመላለሱ ከከበደዎት «ወደሚዋጥ መድኃኒት መቀየር ይቻላል?» ብለው ሐኪሙን ይጠይቁ።
• ከመርፌው በኋላ የመተንፈስ ችግር፣ የከንፈር ወይም የፊት እብጠት፣ መላ ሰውነትን የሚያሳክክ ሽፍታ ወይም ራስን መሳት ከታየ ወዲያውኑ ባለሙያ ይጥሩ።

ሴፍትሪያክሶን ምንድን ነው?

ሴፍትሪያክሶን ሴፋሎስፖሪን ከሚባሉት የአንቲባዮቲክ ወገኖች አንዱ ነው። የዚህ ወገን የመጀመሪያው ዝርያ የተገኘው ጁዜፔ ብሮትዙ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም በፈረንጆቹ 1945 በሰርዲኒያ ደሴት የባሕር ዳርቻ፣ የፍሳሽ ቆሻሻ ከሚወርድበት ውኃ ላይ ካጠናው ሻጋታ ነው። ሴፍትሪያክሶን የመጣው ከዚያ ብዙ ዓመታት በኋላ ሲሆን በስፋት ጥቅም ላይ የዋለው ከ1980ዎቹ ጀምሮ ነው።

መድኃኒቱ የሚሠራው የባክቴሪያውን ግድግዳ በማፍረስ ነው። በሰውነት ውስጥ ረጅም ሰዓት ስለሚቆይ ብዙውን ጊዜ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ይሰጣል። እንደ ማጅራት ገትር ባሉ ሕመሞች ግን በየ12 ሰዓቱ ይሰጣል። ለአዋቂ የተለመደው መጠን በቀን ከ1 እስከ 2 ግራም ነው። ለሕፃናት ደግሞ በክብደታቸው ይሰላል። መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ የጎረቤትዎ መጠን ለእርስዎ አይሆንም።

የሚመጣው በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ በዱቄት መልክ ነው። ዱቄቱ ነጭ ወይም ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው። በክኒን ወይም በሽሮፕ መልክ የለም፤ ከሆድ ወደ ደም ስለማይገባ በጡንቻ ወይም በደም ሥር ብቻ ይሰጣል።

መቼ ያስፈልጋል? መቼስ አያስፈልግም?

ሐኪሞች ሴፍትሪያክሶንን ከሚያዙባቸው ሕመሞች መካከል ከባድ የሳንባ ምች፣ ማጅራት ገትር፣ ወደ ደም የገባ ኢንፌክሽን፣ ወደ ኩላሊት የወጣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሆድ ዕቃ ኢንፌክሽን፣ ጨብጥ እና በምርመራ የተረጋገጠ ታይፎይድ ይገኙበታል። ቀዶ ሕክምና ከመደረጉ በፊትም ኢንፌክሽን ለመከላከል ሊሰጥ ይችላል።

በቫይረስ ለሚመጣ ጉንፋን፣ ለተራ ሳል እና ለአብዛኛው ውኃ መሰል ተቅማጥ አይጠቅምም። በተለይ በእኛ አካባቢ ልብ ሊባሉ የሚገባቸው ሁለት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ወባ ነው። ከሚሴና በዙሪያዋ ያሉት የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ቆላማ ቀበሌዎች ወባ የሚገኝባቸው ናቸው። ሴፍትሪያክሶን ወባን አያድንም። ከባድ ወባ የራሱ መርፌ አለው፤ ስሙ አርቴሱኔት ይባላል። ትኩሳት ያለበት ሰው የወባ ምርመራ ሳይደረግለት ሴፍትሪያክሶን ብቻ ቢጀመርለት ውድ ሰዓት ሊባክን ይችላል። ስለዚህ «የወባ ምርመራ ተሠርቷል? ውጤቱስ ምን አለ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ሐኪሙ ሁለቱንም ሕመሞች ስለሚጠረጥር ሁለቱንም መድኃኒቶች አብሮ ሊያዝ ይችላል፤ ይህ ስህተት አይደለም።

ሁለተኛው «ታይፎይድና ታይፈስ» የሚባለው ነው። ትኩሳትና ራስ ምታት ያለበት ብዙ ሰው በአንድ የደም ምርመራ «ታይፎይድና ታይፈስ ተገኘብህ» ይባልና መርፌ ይጀምራል። ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ ምርመራ ብቻውን በቂ ማረጋገጫ አይደለም፤ ቀድሞ በተያዘ ወይም በሌላ ሕመም በተጠቃ ሰው ላይም «አለ» ሊል ይችላል። ታይፈስ ደግሞ ስሙ ይመሳሰል እንጂ ሌላ ሕመም ነው። ሴፍትሪያክሶን አያድነውም፤ የሚታከመው እንደ ዶክሲሳይክሊን ባሉ መድኃኒቶች ነው።

ራስዎ «መርፌ ይወጋልኝ» ብለው ባለሙያውን አያስገድዱ። መርፌ ከክኒን ይበልጣል የሚለው አስተሳሰብ ትክክል አይደለም። ሆድ የሚቀበል ከሆነና ሕመሙ ከባድ ካልሆነ፣ በትክክል የተመረጠ ክኒን የመርፌውን ያህል ያድናል። የደም ሥር አደጋዎችም አይኖሩበትም።

ከመርፌው በፊት ለባለሙያው የሚነገሩ ነገሮች

ማንም ሳይጠይቅዎት ቢሆን እንኳ የሚከተሉትን ይናገሩ፦

• ከዚህ በፊት ፔኒሲሊን፣ አሞክሳሲሊን፣ አምፒሲሊን ወይም ሴፍትሪያክሶን ወስደው ሽፍታ፣ እብጠት ወይም የመተንፈስ ችግር ገጥሞዎት ከነበረ። ለፔኒሲሊን አለርጂ የሆነ ሰው ሁሉ ለሴፍትሪያክሶን አለርጂ ነው ማለት አይደለም፤ ነገር ግን የቀድሞው ምላሽ ከባድ ከነበረ ሐኪሙ ሌላ መድኃኒት ሊመርጥ ይችላል።
• አስም ካለብዎት።
• የጉበት ወይም የኩላሊት ሕመም፣ ወይም የሐሞት ጠጠር ካለብዎት።
• ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፣ ለምሳሌ ዋርፋሪን፣ የሚወስዱ ከሆነ። ሴፍትሪያክሶን የዋርፋሪንን ኃይል ሊጨምር ይችላል።
• እርጉዝ ከሆኑ ወይም የሚያጠቡ ከሆነ። ሲያስፈልግ ለእርጉዝና ለምታጠባ እናት ይሰጣል፤ ባለሙያው ግን ማወቅ አለበት።
• ወደ ተቋሙ ከመምጣትዎ በፊት የወሰዱትን ሁሉ፦ ከመድኃኒት ቤት የተገዛ ክኒንም ይሁን የባህል መድኃኒት።

ከሕመምተኞች ብዙዎቹ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪዎች ናቸው። የሐኪሙ አማርኛ ያልገባው ሰው «እሺ» ብሎ ዝም ማለት የለበትም። ሁለቱንም ቋንቋ የሚችል ሠራተኛ ወይም ዘመድ ተጠርቶ በተለይ የአለርጂው ጥያቄ በደንብ ይተርጎምለት። በዚህ ጥያቄ ላይ የሚፈጠር አለመግባባት ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

መድኃኒቱን ከውጭ ገዝታችሁ ከሆነ

አንዳንድ ጊዜ መድኃኒቱ በተቋሙ ሲያልቅ ቤተሰብ ማዘዣ ይዞ ወደ ግል መድኃኒት ቤት ይላካል። በዚህ ጊዜ፦

1. ያለ ማዘዣ አይግዙ። ፈቃድ ካለው መድኃኒት ቤት ይግዙ፤ ደረሰኝም ይቀበሉ።
2. በብልቃጡ ላይ የተጻፈውን ስም ከማዘዣው ጋር ያስተያዩ። ስማቸው የሚቀራረብ ሌሎች መድኃኒቶች አሉ፤ ለምሳሌ ሴፎታክሲም እና ሴፍታዚዲም። መጠኑንም ይመልከቱ፤ 250 ሚሊግራም፣ 500 ሚሊግራም እና 1 ግራም የሚሉ ብልቃጦች አሉ።
3. የማብቂያ ጊዜውን ያንብቡ። ቀኑ የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በእኛ አቆጣጠር አስልተው «ገና ነው» ወይም «አልፎበታል» እንዳይሉ ይጠንቀቁ።
4. ክዳኑ የተነካ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ ወይም ዱቄቱ እርጥበት የገባበት ከሆነ ይመልሱ።
5. ከብልቃጡ ጋር ለጡንቻ የሚሆን ሟሟያ ታሽጎ ሊመጣ ይችላል። ይህ ሟሟያ ማደንዘዣ ያለበት ሊሆን ስለሚችል ሳይጥሉ ለነርሷ ያሳዩ።
6. መድኃኒቱን ፀሐይ ላይ፣ በመኪና መስታወት ሥር ወይም እሳት አጠገብ አያስቀምጡ። የከሚሴና የባቲ ሙቀት ከባድ ነው። በደረቅ፣ ቀዝቀዝ ባለና ብርሃን በማይመታው ቦታ ይቀመጥ።

እንዴት ተዘጋጅቶ ይሰጣል?

ይህን ክፍል የምናስነብበው እርስዎ እንዲወጉበት አይደለም። አጠገብ የቆመ አስታማሚ አይቶ መጠየቅ እንዲችል ነው።

በደም ሥር ለሚሰጥ ሴፍትሪያክሶን ዱቄቱ የሚሟሟው ለመርፌ ተብሎ በተዘጋጀ ንጹሕ ውኃ ነው። ከተሟሟ በኋላ ቀለሙ ከቀላል ቢጫ እስከ ማር መሰል ሊሆን ይችላል፤ ይህ ጤናማ ነው። ደፍርሶ ከቆየ ወይም በውስጡ የሚንሳፈፍ ነገር ከታየ ግን መሰጠት የለበትም። በመርፌ ሲሰጥ በዝግታ ከ2 እስከ 4 ደቂቃ ይፈጃል። በጠብታ ሲሰጥ 30 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። በአንድ ትንፋሽ ተገፍቶ አይገባም።

ሦስት ነገሮች ፈጽሞ መሆን የለባቸውም፦

አንደኛ፦ በማደንዘዣ የተሟሟ ሴፍትሪያክሶን በደም ሥር አይሰጥም። በጡንቻ ሲወጋ ስለሚያም ሊዶኬይን ከሚባል ማደንዘዣ ጋር ይቀላቀላል። ያው ቅልቅል ወደ ደም ሥር ቢገባ ልብንና አእምሮን ሊጎዳ ይችላል።

ሁለተኛ፦ ሴፍትሪያክሶን ካልሲየም ካለበት ፈሳሽ ጋር አይቀላቀልም። ብዙ ሰው የሚያውቀው «ሪንገር ላክቴት» ካልሲየም አለበት። ሁለቱ ሲገናኙ ደቃቅ ጠጣር ሠርተው በሳንባና በኩላሊት ሊቀመጡ ይችላሉ። ለአዋቂዎችና ከ28 ቀን በላይ ለሆናቸው ሕፃናት አንዱ ካለቀ በኋላ ቱቦው በሚገባ ታጥቦ ሌላው ሊሰጥ ይችላል፤ በአንድ ቱቦ በአንድ ጊዜ ግን አይሆንም። በሕመምተኛው ክንድ ላይ ሪንገር እየወረደ ሳለ ነርሷ ሴፍትሪያክሶን ይዛ ከመጣች «ሲስተር፣ ይሄ የሚወርደው ሪንገር ነው፤ ችግር የለውም?» ብሎ ማስታወስ ተገቢ ነው። የሥራ ጫና ባለበት ክፍል እንዲህ ያለ ማስታወሻ ባለሙያውንም ያግዛል።

ሦስተኛ፦ ያገለገለ መርፌ ወይም ስሪንጅ አይደገምም። አዲስ ስሪንጅ ከማሸጊያው ሲወጣ ይመልከቱ። ባለሙያው እጁን መታጠቡን ወይም በአልኮል ማጽዳቱን፣ የካኑላውን አፍም በአልኮል መጥረጉን ማየት መብትዎ ነው።

ከብልቃጡ የተረፈውን ለነገ ማስቀመጥስ?

ለምሳሌ 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በኪሎ 50 ሚሊግራም ቢታዘዝለት በቀን የሚያስፈልገው 500 ሚሊግራም ነው። ከ1 ግራም ብልቃጥ ግማሹ ይተርፋል ማለት ነው። ገንዘብ ከፍሎ የገዛ ወላጅ «የቀረውን ለነገ እናስቀምጠው» ማለቱ የሚጠበቅ ነው። ነገር ግን የተሟሟ መድኃኒት በክፍል ሙቀት ደኅንነቱ የሚቆየው ለሰዓታት ብቻ ነው። የተወጋ ብልቃጥ ውስጥም ባክቴሪያ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ የተረፈው ይጣላል። ወጪው ከከበደዎት ሲገዙ ለልጁ መጠን የሚሆን አነስተኛ ብልቃጥ እንዳለ ፋርማሲስቱን ይጠይቁ።

የመጀመሪያዎቹ 30 ደቂቃዎች፦ አደገኛ አለርጂ

ከሁሉም በላይ የሚያስፈራው የሴፍትሪያክሶን ጉዳት አናፊላክሲስ የሚባለው ድንገተኛ አለርጂ ነው። ብዙ ጊዜ አይከሰትም፤ ሲከሰት ግን በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል። በመጀመሪያው መርፌ ሊመጣ ይችላል። ሁለትና ሦስት ቀን በሰላም ወስዶ በአራተኛው የሚገጥመውም አለ። «ትናንት ምንም አልሆነም» ማለት ለዛሬ ዋስትና አይሆንም።

ምልክቶቹ፦

• ድንገተኛ ማሳከክና በቆዳ ላይ የሚወጣ ጉብጉብ ሽፍታ
• የከንፈር፣ የምላስ፣ የዓይን ቆብ ወይም የፊት እብጠት
• የድምፅ መጎርነን፣ ጉሮሮ የመታነቅ ስሜት፣ የሚያፏጭ ትንፋሽ
• ማዞር፣ ላብ፣ የእጅና የእግር መቀዝቀዝ፣ ራስን መሳት
• ድንገተኛ ማስታወክ ወይም ከባድ የሆድ ቁርጠት ከነዚህ ምልክቶች ጋር

አስታማሚው ማድረግ ያለበት፦

1. ጮክ ብሎ ባለሙያ መጥራት። ሌላ ሰው ካለ ያ ሰው ይሩጥ፤ ሕመምተኛው ብቻውን አይተው።
2. መድኃኒቱ በጠብታ እየወረደ ከሆነና ባለሙያ አጠገብ ከሌለ በቱቦው ላይ ያለውን መቆጣጠሪያ መዝጋት። ካኑላው ግን አይነቀል፤ ሕይወት አድን ፈሳሽ የሚሰጠው በእርሱ በኩል ነው።
3. ሕመምተኛውን ማጋደምና እግሩን ከፍ ማድረግ። ትንፋሽ ካጠረው ተደግፎ ይቀመጥ። እንዲነሣና እንዲራመድ አይደረግ።
4. የሚጠጣ ነገር አለመስጠት።

ባለሙያው በመጀመሪያ የሚሰጠው መድኃኒት አድሬናሊን ነው፤ በጭን ጡንቻ ይወጋል። ኦክስጅንና የደም ሥር ፈሳሽም ይከተላሉ። ሴፍትሪያክሶን በቤት አይወጋም የምንለው በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው። ጎረቤት ያለው ባለሙያ መርፌ መውጋት ቢችልበትም አድሬናሊንና ኦክስጅን በቤት የለም። ከሩቅ ቀበሌ ተነሥቶ መኪና ፈልጎ ከሚሴ እስኪደርስ ድረስ ጊዜው ያልፋል።

መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ከተቋሙ ግቢ አይውጡ። ተመላላሽ የሆኑ ሕመምተኞች «መኪና ሊያመልጠኝ ነው» ብለው ወዲያው ወደ መናኸሪያ መሮጥ የለባቸውም።

ይህ አለርጂ አንድ ጊዜ የደረሰበት ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሴፍትሪያክሶን መውሰድ የለበትም። የመድኃኒቱ ስም በወረቀት ላይ በትልቁ ይጻፍለትና ከመታወቂያው ጋር ያኑረው። ቤተሰቡም ይወቅ።

የካኑላ እንክብካቤ

ካኑላ በደም ሥር የሚቀር ቀጭን ቱቦ ነው። ለመድኃኒት መንገድ እንደሆነ ሁሉ ለጀርምም መንገድ ሊሆን ይችላል።

• ቦታው ደረቅና ንጹሕ ይሁን። ሲታጠቡ ወይም ውዱእ ሲያደርጉ ውኃ እንዳይነካው ባለሙያውን አማክሩ።
• ቅጠል፣ ቅቤ ወይም ሌላ ማንኛውም ነገር አይቀባ።
• በየዕለቱ ይመልከቱት። ቀልቶ፣ ሞቆ፣ አብጦ፣ ጠጥሮ ወይም መግል ይዞ ከታየ፣ መድኃኒት ሲገባም የሚያቃጥል ከሆነ ይነገር፤ ካኑላው ወጥቶ በሌላ ቦታ ይተካል።
• የማይፈለግበት ቀን ሲመጣ ይውጣ። «ምናልባት ካስፈለገ» ተብሎ ለቀናት አይቀመጥ።
• ካኑላ እንደተሰካ ወደ ቤት መሄድ የሚፈቀደው ባለሙያው አስቦበት፣ የሚመለሱበትን ሰዓትና የአደጋ ምልክቶችን ነግሮዎት ከሆነ ብቻ ነው። ሳይናገሩ ከነካኑላው አይሂዱ።

ቀኑንና ሰዓቱን መጠበቅ

እንበል፣ ከአርጡማ ፉርሲ አንድ ገበሬ በሳንባ ምች ታሞ ከሚሴ አጠቃላይ ሆስፒታል ተኛ። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ጠፋ፤ እንጀራም በላ። ቤት ከብት አለ፣ እርሻ አለ፣ አስታማሚው ወንድሙም ሥራ ፈትቷል። በሦስተኛው ቀን «ድኛለሁ» ብሎ ሊወጣ ያስባል። ይህ ሐሳብ የብዙ ሰው ነው፤ በስንፍናም አይመጣም። ችግሩ ትኩሳት ሲጠፋ ባክቴሪያው ሁሉ አልቋል ማለት አለመሆኑ ነው። ሕመሙ ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ ለማከም የበለጠ ሊከብድ ይችላል።

መፍትሔው ሳይናገሩ መጥፋት ሳይሆን መጠየቅ ነው። ብዙ ሕመሞች ላይ ሕመምተኛው ከ2 እስከ 3 ቀን ውስጥ ከተሻለው፣ ትኩሳቱ ከወረደና ምግብ መዋጥ ከቻለ ሐኪሙ የቀሩትን ቀናት በሚዋጥ አንቲባዮቲክ ሊያስጨርሰው ይችላል። ይህ የታወቀ የሕክምና አሠራር ነው። አልጋ ያስለቅቃል፣ ወጪ ይቀንሳል፣ ካኑላውንም ቶሎ ያስወጣል። እንደ ማጅራት ገትርና የልብ ቫልቭ ኢንፌክሽን ባሉ ሕመሞች ግን መርፌውን እስከ መጨረሻው መውሰድ ያስፈልጋል። ልዩነቱን የሚያውቀው ሐኪሙ ነው።

የቀረውን መርፌ በአቅራቢያዎ ባለ ጤና ጣቢያ እንዲጨርሱ ከተላኩ፦

• የሪፈር ወረቀቱ ላይ የሕመሙ ስም፣ የመድኃኒቱ ስምና መጠን፣ የተጀመረበት ቀን፣ የመጨረሻው መርፌ የተሰጠበት ሰዓት እና የቀሩት ቀናት መጻፋቸውን ያረጋግጡ።
• ሰዓቱን ይለዩ። በካርድ ላይ በፈረንጅ ሰዓት ተጽፎ ሊሆን ይችላል፤ እዚያ 9 ተብሎ የተጻፈው የጠዋቱ 3 ሰዓት ነው።
• ጤና ጣቢያው ቅዳሜና እሑድ እንዲሁም በበዓል ቀን የሚሰጥ መሆኑን አስቀድመው ይጠይቁ።
• በቀን አንድ ጊዜ ከሆነ በየቀኑ በተቀራራቢ ሰዓት ይሁን። የባቲ ሰኞ ገበያ ቢሆንም፣ ለቅሶ ወይም ሠርግ ቢገጥምም አንድ ቀን አይዘለል። ካመለጠዎት በዚያው ቀን ይሂዱና ይንገሩ፤ ለማካካስ ሁለት መርፌ በአንድ ጊዜ አይወሰድም።
• ጤና ኬላ ይህን መድኃኒት በደም ሥር የሚወስዱበት ቦታ አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ግን አምቡላንስ በመጥራትና ቀኑን በማስታወስ ትረዳዎታለች። የወረዳውን የአምቡላንስ ስልክ ከእርሷ ተቀብለው ይያዙ።

በረመዳን ወቅት ለታመመ ሰው፦ መርፌው በጾም ምክንያት አይዘለል። በከባድ ሕመም የተያዘ ሰው ፈሳሽና ምግብ ያስፈልገዋል፤ ስለ ጾሙ የሃይማኖት አባት ያማክር። በቀን አንዴ ለሚሰጥ መድኃኒት ምቹ ሰዓት መምረጥ ይቻል እንደሆነ ከመጀመሪያው ቀን ለባለሙያው ይነገር።

ሌሎች የጎንዮሽ ጉዳቶች

ቀላልና የተለመዱት፦ መርፌው የገባበት ቦታ ሕመም፣ ለስለስ ያለ ሰገራ፣ ማቅለሽለሽ፣ ቀላል ሽፍታ፣ በአፍ ወይም በሴት ብልት አካባቢ የሚወጣ የፈንገስ ማሳከክ። እነዚህን ለባለሙያው ይንገሩ፤ ሽፍታ ከታየ ቀጣዩ መርፌ ከመሰጠቱ በፊት ይነገር።

ቶሎ ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ፦

• ብዙ ጊዜ የሚያስቀምጥ ውኃማ ወይም ደም ያለበት ተቅማጥ። መድኃኒቱ ካለቀ ከሳምንታት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ተቅማጥ የሚያቆም ክኒን በራስዎ ገዝተው አይውሰዱ፤ አንቲባዮቲክ እንደወሰዱ ለሐኪሙ ይንገሩ።
• በቀኝ የጎድን አጥንት ሥር የሚሰማ ሕመም ከማስታወክ ጋር። መድኃኒቱ በሐሞት ከረጢት ውስጥ ሊዝቅ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሲቆም ይጠፋል።
• የዓይን ቢጫ መሆን፣ የሽንት ቡና መምሰል፣ ድንገተኛ መገርጣትና ድካም። መድኃኒቱ አልፎ አልፎ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያፈርሳል፤ ይህ ከባድ ነው።
• የቆዳ መላጥ፣ ውኃ መቋጠር፣ የአፍና የዓይን መቁሰል።
• መቃዠት፣ ግራ መጋባት ወይም መንቀጥቀጥ፤ በተለይ የኩላሊት ሕመም ባለበት ሰው።

ለጨቅላ ሕፃናት ልዩ ጥንቃቄ

ከ28 ቀን በታች ለሆነ ጨቅላ ሴፍትሪያክሶን ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዓይኑ ወይም ቆዳው ቢጫ ለሆነ ጨቅላ አይሰጥም፤ ቢጫነቱን የሚያመጣው ነገር ወደ አእምሮ እንዲገባ ሊያደርግ ይችላልና። ካልሲየም ያለበት ፈሳሽ በደም ሥር ለሚወስድ ጨቅላም በተለያየ ሰዓትም ቢሆን አይሰጥም። ሐኪሞች በዚህ ዕድሜ ብዙ ጊዜ ሌሎች አንቲባዮቲኮችን ይመርጣሉ። ጡት እምቢ ያለ፣ ሰውነቱ የሞቀ ወይም የቀዘቀዘ፣ ትንፋሹ የፈጠነ ጨቅላ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

ሳያስፈልግ መውሰድ ማንን ይጎዳል?

የዓለም ጤና ድርጅት ሴፍትሪያክሶንን በጥንቃቄ መሰጠት ካለባቸው አንቲባዮቲኮች ምድብ ውስጥ አስቀምጦታል። ምክንያቱም ባክቴሪያዎች በቶሎ ሊለምዱት ይችላሉ። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች አጠቃቀሙን የመረመሩ ጥናቶች ታትመዋል። ከነዚህ መካከል በደሴ ሆስፒታልና በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተሠሩ ይገኙበታል። በፈረንጆቹ 2016 የወጣው የጥቁር አንበሳው ጥናት ከታዘዘው አብዛኛው ከመመሪያው ጋር የማይሄድ ሆኖ እንዳገኘው ገልጿል። በዓለም ደረጃ በ2019 ብቻ መድኃኒት በለመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በቀጥታ የሞቱት 1.27 ሚሊዮን ሰዎች ይሆናሉ ተብሎ ተገምቷል።

ይህ ለአንድ ቤተሰብ ምን ማለት ነው? ዛሬ ለጉንፋን የተወጋው መርፌ ነገ ያ ሰው ወይም ልጁ በማጅራት ገትር ሲያዝ ላይሠራ ይችላል ማለት ነው። በሌላ በኩል፣ በእርግጥ ሲያስፈልግ ፈርቶ መቅረትም ይገድላል። ሐኪም መርምሮ ካዘዘው አይፍሩት።

ብዙ ጊዜ የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥቂት ወግቶ መሞከር ከአለርጂ ያድናል?
ዋስትና አይሰጥም። ሙከራውን ያለፈ ሰውም በኋላ አለርጂ ሊነሳበት ይችላል። የሚጠቅመው የቀድሞ ታሪክን በትክክል መናገርና ከመርፌው በኋላ መጠበቅ ነው።

በጡንቻ ቢሰጠኝስ?
ለአንዳንድ ሕመሞች ይቻላል፤ ሐኪሙ ይወስናል። አለርጂው ግን በጡንቻም ሊመጣ ስለሚችል በቤት አይወጋም።

ምግብ ይከለክላል?
አይከለክልም። ወተትና አይብም መተው አያስፈልግም። ካልሲየምን በተመለከተ የተባለው በደም ሥር ለሚሰጥ ፈሳሽ ነው። ውኃ በደንብ ይጠጡ።

መድኃኒቱ ጉዳት ካደረሰብኝ የት አመለክታለሁ?
መጀመሪያ ላከመዎት ባለሙያ ይንገሩ። ባለሙያው ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሪፖርት ማድረግ ይችላል። የባለሥልጣኑ ነፃ የስልክ መስመር 8482 ነው። ጥራቱ የሚያጠራጥር ብልቃጥ ካጋጠመዎትም አይጣሉት፤ ለመድኃኒት ቤቱ ወይም ለጤና ተቋሙ ያሳዩ።

ከመርፌው በፊት የሚጠየቁ አምስት ጥያቄዎች

ይህን ጽፈው ወይም በቃል ይዘው ይሂዱ፦

1. የታመምኩት ምንድን ነው? መድኃኒቱስ ለምን ታዘዘ?
2. ስሙ ማን ነው? ከዚህ በፊት አለርጂ እንዳለብኝ ተጽፏል?
3. በምን ተሟሟ? ከሚወርድልኝ ፈሳሽ ጋር ይስማማል?
4. ስንት ቀን ነው? መቼ ወደሚዋጥ ሊቀየር ይችላል?
5. አለርጂ ቢነሳ አድሬናሊን እዚህ አለ?

ይህ ጽሑፍ ለመረጃ የቀረበ ነው፤ የሐኪምዎን ምርመራና ትእዛዝ አይተካም። እዚህ ከተጠቀሱት የአደጋ ምልክቶች አንዱ ከታየ ጽሑፉን ሳይጨርሱ ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂዱ።